የወረስኳቸው የማጀት ዕቃዎች፦ የቱን ልቀበል፣ የቱን ልተው?

ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ዘንድሮ ጎጆ ይወጣሉ። ሁለቱም የሚጠይቁኝ አንድ ነው። «ከቤተሰብ የሚሰጠንን የማጀት ዕቃ እንቀበል ወይስ ገበያ ወርደን አዲስ እንግዛ?» ለአንዷ የመለስኩላት ምሳ ሰዓት ላይ ስለነበር አጠር አድርጌ ነው። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ማጀቴ ውስጥ ካለው ዕቃ አብዛኛው ከሰው የተላለፈ ነው። ብዙው የእምዬ ነው፤ የእናቴ እናት። ቤቷ ዘጌ ነበር። ስታርፍ ዕቃዋ ለልጆቿና ለልጅ ልጆቿ ተከፋፈለ። ለእኔ ሸክላ ድስቷ፣ ሙቀጫዋና መሶቧ ደረሰኝ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ወደ አዲስ አበባ ስትዛወር የኤሌክትሪክ ምጣዷንና ፕሬዠር ኩከሯን ትታልኝ ሄደች። አማቴ ጎላቸውን ሰጡኝ። አባቴ ቢላዋውን። የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይሄንን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ግቢ ባለው ቤት ግሩም የሆነ ዕቃ ፎቅ ላይ ላይመች ይችላል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሸክላና እንጨት ከሆነ ያገለገለው ከአዲሱ ይበልጣል፤ አትግደርደሩ፣ ተቀበሉ። ኤሌክትሪክ ወይም ጎማ ያለው ከሆነ ባለሙያ ሳያየው እሳትም ሶኬትም አይንካው። ደግሞ የትኛውንም ዕቃ ስትቀበሉ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ አያያዙን ጠይቁ። ዕቃው ያለ አያያዙ ከመጣ ግማሹ ቀርቷል።

ከሸክላ ድስቱ ልጀምር፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ጥቁር ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ ባለ ሁለት ጆሮ። የአንዱ ጆሮ ጫፍ ተሸርፏል። ሽሮ ስሠራበት ገበታ ላይ ከቀረበ በኋላም ይንተከተካል። ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ አንዴ ከሞቀ ግን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ሽንኩርት ሲቁላላ ነው። ስስ ብረት ድስት ላይ ለአፍታ ዞር ካላችሁ ሽንኩርቱ ከሥር ያራል። በእምዬ ድስት ግን ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት፣ ቀስ ብሎ ይበስላል። የዶሮ ወጥ ቁሌት የሚፈልገው ይሄንን ነው። ባለቤቴ በሌላ ድስት የተሠራውን ሳይነገረው ቀምሶ ይለያል።

አዲስ ሸክላ ድስት ማግኘት አይከብድም። ቅዳሜ ትልቁ ገበያ ብትወርዱ ሴቶቹ ደርድረው ይጠብቋችኋል፤ ሥራቸውም ያማረ ነው። ግን አዲስ ሸክላ መጀመሪያ ላይ ያዣል፣ ወጡም አፈር አፈር ይላል። መሟሸት አለበት፤ ሲሟሽም ትዕግሥት ይጠይቃል። የሸክላ ገላ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶበታል። ያገለገለ ድስት ግን ቅባቱም ወጡም ለዓመታት እየገባ ቀዳዳውን ደፍኖታል። እምዬ በዚህ ድስት ስንት በዓል እንዳሳለፈች አስቡት። ያ ሁሉ ድካሟ ተጨርሶ፣ ተዘጋጅቶ ነው እኔ እጅ የገባው።

ይሄው ጥቅሙ አንድ ጥያቄም ያመጣል። ሸክላ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የጾም ነው የፍስክ?» ብላችሁ ነው። ቅቤ የጠጣ ሸክላ ምንም ቢታጠብ ቅቤውን አይተወውም፤ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል። የእምዬ ድስት የፍስክ ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ 55ቱን ቀን ተደፍቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የጾም ሽሮ የምሠራው በሌላ፣ አነስ ባለ ድስት ነው። ሁለት ሸክላ የሚሰጣችሁ ካገኛችሁ ሁለቱንም ውሰዱና አንዱን ለጾም ለዩት።

ዓሣም ያው ነው። እኛ ዘንድ ዓሣ ትኩሱን ከሐይቁ ዳር ነው የሚገዛው፤ ቀረሶም፣ አምባዛም፣ ነጭ ዓሣም። የአምባዛ ሽታ ሸክላ ውስጥ ከገባ ለሚቀጥለው ወጥም ይተርፋል። ስለዚህ ለዓሣ ብቻ የሚሆን፣ እማ የሰጠችኝ ጣባ አለ። ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም።

አጠባቡን እማ ቆማ ነው ያሳየችኝ። «ልጄ፣ ሸክላ በሳሙና አይታጠብም። ሳሙናውን ይጠጣና ነገ ወጡ ውስጥ ታገኚዋለሽ» አለችኝ። ሙቅ ውኃና ቃጫ ብቻ። ከታጠበ በኋላ በደንብ ሳይደርቅ ትልቅ እሳት ላይ አይጣድም፤ ገላው ውስጥ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ሲሰፋ ይሰነጥቀዋል። በጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ያው ነው። ቁሌቱ ሊያርር ነው ብላችሁ ውኃ ስትጨምሩ የፈላ ይሁን። እኔ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ማንቆርቆሪያ እጥዳለሁ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ግን አላስቀምጠውም፤ ሽቦው ከሥሩ ያለው ቦታ ብቻ ይግላል። የምጠቀመው በረንዳ ላይ፣ በከሰል ምድጃ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም አታንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ እትዬ ምጣድ። ሐቁን ልንገራችሁ፤ ሲሰጠኝ ለመጋገር የሚሆን አልነበረም። በአንድ ጎኑ እንጀራውን ያሳርረዋል፣ በሌላው ጎኑ ሊጥ ያስቀረዋል። አልፎ አልፎም ይነዝራል። እትዬ ይሄንን ታውቃለች። እንጨት ላይ ቆማ፣ የላስቲክ ጫማ አድርጋ ነበር የምትጋግረው። እባካችሁ ማንም ሰው እንዲህ አያድርግ። የሚነዝር ምጣድ ወዲያው ይነቀላል፣ ባለሙያ ይጠራል። ሌላ መላ የለውም።

ባለሙያው ሲፈታው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ። እንድታዩት እመክራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምጣዳችሁን ታውቁታላችሁ። ሸክላው በሥሩ በኩል ከመሐል እስከ ዳር የሚዞር ቦይ አለው። ቦዩ ውስጥ ጥምዝምዝ ሽቦ ተኝቷል፤ ሪዚስታንስ የሚሉት እሱን ነው። ላዩ በጄሶ ይደፈናል። የእትዬ ምጣድ ሽቦ አንድ ጊዜ ተበጥሶ ተቀጥሏል። የቀጠለው ሰው በአንድ ወገን አጨናንቆ፣ በሌላው ወገን ለጥጦ ነው ያስተኛው። በተጨናነቀበት በኩል እሳቱ ይበረታል፣ በተለጠጠበት ይደክማል። እንጀራው ጎን ለጎን የሚለያየው ለዚህ ነበር። ንዝረቱ ደግሞ የመጣው የመግቢያው ገመድ ልባስ ተቃጥሎ ቆርቆሮውን ስለነካ ነው። የመሬት ሽቦም አልነበረውም።

ሽቦው በአዲስ ተተካ፣ እኩል ተደርጎ ተኛ። ገመዱ ተቀየረ፣ የመሬት ሽቦ ተሠራለት። ባለሙያው «ሸክላውንም ልቀይርልሽ» ብሎ ነበር። እማ በእጇ ዳሰሰችው፣ በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች። ስንጥቅ የለውም። «ይሄ ምጣድ ለምዷል። እንዳታስነኪው» አለች። ትክክል ነበረች። አዲስ ሸክላ ቢሆን ጎመን ዘር እየተቀባና እየታሸ እስኪለምድ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች እየተጣበቁ ይበላሹ ነበር። ይሄኛው ከመጀመሪያው እንጀራ ጀምሮ ያለ ችግር ተላቀቀ። ዓይኑም ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎመን ዘር በማሰሻ አሰስ ከማድረግ በቀር ምንም አልጠየቀኝም።

ስለዚህ አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰጣችሁ ሸክላውንና ሽቦውን ለያይታችሁ ገምግሙ። ሸክላው ደህና ከሆነ ዋጋው እዚያ ላይ ነው። ሽቦና ገመድ ይቀየራል። ሸክላው ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ሊጡ በስንጥቁ ሰርጎ ሽቦው ጋ ይደርሳል፤ ያ አደገኛ ነው። እንደዚያ ያለውን እኔ አልቀበልም።

ሶኬቱንም አስቡበት። እንዲህ ያለ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ይሄንን ተራ ዲቫይደር አይችለውም፤ ይቀልጣል፣ ይቃጠላል። ለምጣድ የራሱ ወፈር ያለ መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጋለት። ለቆጣሪያችሁም ቢሆን የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ያዋጣል። ምጣዱን ለማጋል የሚጠፋው ጊዜና ኃይል ብዙ ነው። የመጨረሻውን እንጀራ ከማስፋቴ በፊት አጠፋዋለሁ፤ ሸክላው በያዘው ሙቀት ይበስላል።

እምዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጠቅማ አታውቅም። ጢስ ዓባይ ላይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኃይል ይመነጫል፤ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው። የእሷ ምጣድ ግን እስከ መጨረሻው ጉልቻ ላይ፣ በእንጨት ነበር። አክንባሎው በእበትና በጭቃ የተሠራ ነው። እሱን እኔ አልወሰድኩም። ፎቅ ላይ እንጨት አይነድም፤ ጎረቤትም በጭስ አይፈጅም። እማ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ግቢዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ለበዓል ድፎ ዳቦ ትጋግርበታለች። ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት አግኝቶ ሲወጣ ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል። ለቤታችሁ የማይሆን ዕቃ የሚሆንበት ዘመድ ቤት ቢሄድ ምንም ነውር የለውም።

የአማቴ ጎላ ትልቅ ነው፤ ከቤታችን መደርደሪያ በላይ ነው። ወፍራም፣ ቀልጦ የተሠራ የአልሙኒየም ድስት። እሳቸው ድግስ ሲኖር በግ ቀቅለውበታል፣ ለቅሶ ቤትም አውሰውታል። የሰጡኝ ባዶውን አልነበረም፤ ግማሽ ድረስ በርበሬ ሞልተውበት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ አልቀበልም ማለት አይቻልም፤ ደግሞም ይጠቅማል። ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት፣ ከአሮጌ የሞተር ክፍልና ከመሳሰለው እየቀለጡ የሚሠሩ የአልሙኒየም ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ ሊለቁ እንደሚችሉ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል። እርሳስ በተለይ ለሕፃናት ጎጂ ነው። ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጣ ነገር ሲገባበት ይብሳል። የእሳቸው ጎላ ከምን እንደቀለጠ የሚያውቅ የለም። እኔ ቤት ትንሽ ልጅ አለ። ስለዚህ ጎላው የመታጠቢያ ውኃ ማፍያና ልብስ መዘፍዘፊያ ሆኗል። ለምግብ አልጠቀምበትም። ለአማቴም ምክንያቱን ነግሬያቸዋለሁ። «እንግዲህ እናንተ ተምራችኋል፣ የሚበጀውን አድርጉ» አሉኝ፤ አልተቀየሙም።

ሙቀጫው ከእነ ዘነዘናው የዋንዛ እንጨት ነው። ውስጡ ከመወቀጥ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ ስወቅጥበት ጠረኑ ከመፍጫ ማሽን ጋር አይወዳደርም። ማሽኑ ይቆራርጣል፤ ሙቀጫው ይጨፈልቃል፣ ዘይቱን ያወጣል። የማስጠነቅቃችሁ ቡናን ነው። በአንድ ሙቀጫ ቡናና ቅመም አይወቀጥም። እንጨትም ጠረን ይይዛል፤ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ቡና ለእንግዳ አታቀርቡም። ሌላው ጣጣ ድምፁ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስትወቅጡ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ቤተሰብ ጣሪያው የሚወርድበት ይመስለዋል። እኔ ከሥሩ የመኪና ጎማ ቁራጭ አነጥፋለሁ፣ በጠዋትም አልወቅጥም። ብዙ የሚወቀጥ ነገር ካለ ወደ ታች፣ ወደ ጋራ መጠቀሚያው ቤት ይዤ እወርዳለሁ።

ዘነዘናው ሲሰነጠቅ አትጣሉት። እንጨት ቤት ወስዳችሁ አዲስ አስቀርጹ። ሙቀጫውን ግን በውኃ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ፣ ፀሐይ ላይም አታቆዩት፤ ይሰነጠቃል። አልፎ አልፎ ዘይት አስነኩት።

መሶቡ ላይ ፍርዴ ከሌሎቹ ይለያል። እምዬ በእጇ የሰፋችው ነው። አክርማውና ስንደዶው ዛሬም አልላላም። ቀይና አረንጓዴ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቅርጹ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ለማሠራት ስንት ወር እንደሚፈጅ የሰፋ ያውቀዋል። ግን ለየዕለት እንጀራ ማስቀመጫ አልጠቀምበትም። ባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ብርቱ ነው፣ አየሩም እርጥብ ነው። የፎቅ ቤት ማጀት እንደ ድሮው ጎጆ ጭስ አያገኝም። እምዬ ቤት ጭሱ መሶቡን ያደርቀው፣ ተባዩንም ያርቀው ነበር። እኔ ቤት እንጀራ ሳይበርድ መሶብ ከገባ ላብ ያወጣል፣ ከዚያ ሻጋታ ይከተላል፣ መሶቡም ይሸታል። ስለዚህ የሚወጣው ለበዓልና እንግዳ ሲመጣ ነው። ከበዓል በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ለጠዋት ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ገበታ ሆኖ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ሰብሰብ ብሎ ይቀመጣል። ለዚህ ብቻ እንኳን ቤቴ ቦታ አለው።

የአባቴ ቢላዋ የአገር ቤት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ነው። እጀታው ቀንድ ነው። ለዓሣ ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ የቀረሶን ሥጋ ከአጥንቱ ጥርግ አድርጎ ይለያል። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ስለቱ ይቆያል። እርጥቡን ካስቀመጣችሁት ግን ባንድ ሌሊት ይዝጋል። ተጠቅማችሁ ወዲያው አድርቁት፣ ዘይት አስነኩት። ዝገት ካለበት በአሸዋ ወረቀት ታሽቶ ይለቃል። አሮጌ ቢላዋ ሲሰጣችሁ አትናቁት።

የተቀሩትን ባጭሩ። ጀበና አልወረስኩም፣ ውረሱም አልልም፤ አንገቱ ቶሎ ይሄዳል፣ አዲሱም ውድ አይደለም። ማቶትና ረከቦት ግን ያገለገለ ምንም አይልም። የእንጨት ማማሰያና ጭልፋ ካልተሰነጠቀ ጥሩ ነው። የኢናሜል ሳህን ውስጡ ከተላጠ ይዝጋል፣ ቅንጥብጣቢውም ምግብ ውስጥ ይገባል፤ ለአበባ ተክሉበት። ፔርሙዝ ውስጡ ያለው መስታወት ካልተነካ ያገለግላል፤ የቡሽ ክዳኑን ግን ቀይሩ። የማያጣብቅ መጥበሻ ተጭሮ ከሆነ፣ ማንም ይስጣችሁ ማን፣ አመስግናችሁ ተዉት። ልባሱ ከተነሳ መልሶ አይሠራም፤ ከመጠን በላይ ሲግልም መጥፎ ጭስ ያወጣል።

የቀረው የእትዬ ፕሬዠር ኩከር ነው። እዚህ ከተማ ይሄ ዕቃ ከምቾት በላይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 አይደርስም። እሳቱን ብትጨምሩም ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ብቻ ቶሎ ይተናል። ሽምብራና ባቄላ ጋዝ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። በተራ ድስት ከሰዓት ሙሉ የሚፈጀው ሽምብራ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይበስላል።

የእትዬው ገላው ጤነኛ ነው፤ ወፍራም፣ ያልተጎነደለ፣ ክዳኑም በትክክል ይገጥማል። ጎማው ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ እንፋሎቱ በጎን ይወጣል። ይሄ ቀልድ አይደለም። የፈላ እንፋሎት ፊት ላይ ቢወጣ ምን እንደሚያደርግ የሆስፒታል ሰዎች ያውቁታል። አሮጌ ፕሬዠር ኩከር ሲሰጣችሁ ሦስት ነገር እዩ። ጎማው ሲለጠጥ ይሰነጠቃል ወይ? የእንፋሎት መውጫው ቀዳዳ ክፍት ነው ወይ? መርፌ አስገብታችሁ ሞክሩ። መጠባበቂያው ቫልቭ ይንቀሳቀሳል ወይ? አንዱ ካልሆነ እሳት አይንካው። ደግሞ ጎማ ስትገዙ ከድስቱ ሞዴል ጋር የሚገጥመውን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ይሆናል፣ ተለጥጦ ይገባል» የሚላችሁን አትስሙ። እዚህ ገበያ ፈልጌ የእኔው ልክ አልተገኘም። እትዬ ከአዲስ አበባ ልትልክልኝ ነው። እስከዚያ ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ።